እናቱን ፍለጋ የሄደው ጥጃና እኔ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳይሰማው ሞተ። ልጆቼ አያውቁም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ትንሽ ትልቁን ስናዘዝ ኖሬ ይህችን ብቻ ከምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። ለምን? ኃጢአት ስላልመሰለኝ ይሆን? ወይስ «አባ፣ ወረቀት ቀደድኩ» ብላቸው ይስቁብኛል ብዬ? እንጃ። ለእናንተ ግን እጽፈዋለሁ፤ ፊቴን አታዩም፣ ፊታችሁን አላይም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሴት ነኝ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ወሬዬም ይንዛዛል። ታገሡኝ።

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፣ ብዙ ቤት በአንድ በር ከሚገባበት ግቢ ውስጥ። የእኔን ቤትና የአቶ ታምሩን ቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀዳዳው በጋዜጣ ተለጥፎ ነው ግድግዳ የተባለው። እነሱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ላነሣ ጎንበስ እል ነበር። አቶ ታምሩ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው አንዲት ልጅ ይዘው ቀርተዋል፤ ሰናይት ትባላለች፣ ያኔ ገና የወተት ጥርሷ የሚነቃነቅ ልጅ ነበረች። ሰውዬው ኮስታራ ነበሩ። አባትና ልጅ ቀን የሚነጋገሩት እንደ መሥሪያ ቤት ነው።

«በላሽ?»

«አዎ።»

«እግርሽን ታጠብሽ?»

«አዎ።»

በቃ፣ አለቀ። ከራት በኋላ ግን መጽሐፍ ያነቡላታል፤ የልጆች መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለበት። ያን ጊዜ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይሆናል። ጅብ ሲመጣ ያጉረመርማሉ፣ አይጥ ስትናገር ይቀጥናሉ፣ ልጅቷ ትንከተከታለች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ለማግስቱ ቆሎ የሚሆነኝን ገብስ እየለቀምኩ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገርና ለእኔም የሚነበብ ይመስለኝ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ማን ምን አነበበልኝ? ተረት ሰምቼ ያደግኩት ከሰው አፍ ነው፤ ወረቀት ሲናገር የሰማሁት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ያውም በግድግዳ በኩል ነው።

ከሁሉ የምወደው የጥጃውን ነበር። እናቱን ገበያ ወስደው ይሸጡበታል፤ ጥጃው የእናቱን ኮቴ እየተከተለ ይሄዳል፤ ዝናብ ይመጣና ኮቴውን ያጠፋበታል። ቁራውን ይጠይቃል፣ አሞሌ የጫነችውን በቅሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ትልቅ ወንዝ ይደርሳል። እኔ እዚያ ወንዝ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ስለምቆላ ዓይኔ አይችልም። ያንን ተረት ስንት ጊዜ አነበቡት፣ ልጅቷ «የጥጃውን፣ የጥጃውን» እያለች ስንት ጊዜ አስደገመቻቸው፤ እኔ ግን ወንዙን ተሻግሬ አላውቅም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ግራ የሚያጋባኝ እሱ ነው።

ልጅቷ ከፍ ስትል አቶ ታምሩ ወደ ጅማ ተዛወሩ። ሰናይትን ደብረ ብርሃን እህታቸው ዘንድ ሊልኳት ቆረጡ። የመሄጃቸው ሰሞን አንድ ካርቶን ተሸክመው በሬ ላይ ቆሙ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይህ የሰናይት መጽሐፍ ነው። እህቴ ቤት ልጅ ይበዛል፣ ይቀዳድዱታል። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ።»

«ምን ገዶኝ፣ አልጋዬ ሥር ይግባ» አልኩ።

«አድጋ ትወስደዋለች። እሷ ባትመጣ ልጇ ይመጣል። አደራ።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አልኳቸው። ከአፌ ወጣ። ማን አስገደደኝ? «አስቀምጣለሁ» ማለት ይበቃ አልነበር?

እኔ የምሸጠው ለገሃር፣ ሚኒባስ ከሚጫንበት ዳር ቁጭ ብዬ ነው፤ ቆሎና ኦቾሎኒ፣ በወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልዬ። ወረቀቱን ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣለውን ከሚሰበስቡ ሰዎች እገዛለሁ፤ በአንድ ወገን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት፣ አስቀያሚ ወረቀት። አንድ ክረምት ጎርፍ ቤቴ ገባና የወረቀት እስሬን በላብኝ። ካርቶኑ ጡብ ላይ ስለተቀመጠ አልነካውም። ቆሎው ተቆልቷል። ሰው ሁሉ በእጁ መዳፍ አይቀበለኝም። አጎነበስኩ፣ ካርቶኑን ሳብኩ፣ ከላይ ያለውን መጽሐፍ አነሣሁና ከመጨረሻው ቀደድኩ።

ለምን ከመጨረሻው? ልንገራችሁ። ከፊት ቢቀደድ ካርቶኑን የከፈተ ሰው ያውቃል። ከኋላ ሲሆን ሽፋኑ እንዳለ ነው፤ ሙሉ ይመስላል። ይህን አስቤ ነው የቀደድኩት። ሳላስበው አደረግኩት ብዬ አልዋሽም፤ እጄ ገና ወረቀቱን ሳይዝ ልቤ መደበቂያውን አዘጋጅቶ ነበር።

እና ችግሬ ነው ብዬ እንዳላመካኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሳምንቱ ደረቅ ወረቀት አገኘሁ። ገዛሁም። ግን አልተውኩም። ምክንያቱም የእኔ ቆሎ ሥዕል ነበረዋ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የእናቶቻቸውን ቀሚስ እየጎተቱ ወደ እኔ ይመጡ ጀመር፤ አንዱ ጦጣ ይደርሰዋል፣ አንዷ ዝሆን ይደርሳታል፣ ይቀያየራሉ፣ ይጣላሉ። አጠገቤ ሎሚ የምትሸጥ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። «ዘነቡ ዘንድሮ ቆሎ ትሸጣለች ወይስ ሲኒማ?» እያለች ለመንገደኛው ሁሉ ታሳጣኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ፈልጎኝ አያውቅማ። ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው፤ ጎርፉ ላይ አይደለም። በጎርፉ ቀን የቀደድኩትን እግዜርም ያልፈው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የሰው አደራ እየቀደድኩ የተፈለግኩት እኔ ነኝ።

የጥጃውን መጽሐፍ ለመጨረሻ አስቀረሁት። ሽፋኑ ላይ ባለው ሥዕል አውቀዋለሁ፣ ቀይ ጥጃ ነው፣ ወደ ኋላው ዞሮ የሚያይ። «ይህን አልነካም» አልኩ። ስንት ቀን እንደቆየ አላስታውስም። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ሲጠፋ ነካሁት።

በዚያን ቀን አንዱ ወያላ፣ ከእኔ ጋር መቀለድ የሚወድ ልጅ፣ ኦቾሎኒ ገዛና እየበላ ወረቀቱን ፈታታው።

«ማዘር፣ ይህ ጥጃ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«እናቱን ፍለጋ ሄዶ ነው።»

«ማንበብ አልችልም ሲሉ አልነበር እንዴ? ማን ነገረዎት?»

«አንተ ዝም ብለህ አንብብ። አገኛት ወይ?»

እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ያ ገጽ እኔ አንድም ቀን ነቅቼ ያልደረስኩበት ገጽ ነበር፤ በገዛ እጄ ቀድጄ ለዚህ ልጅ የሰጠሁት። እሱ እያላመጠ በዓይኑ ሮጠበት። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ምን እንዳየ እንጃ።

«አግኝቷታል ማዘር። በቃ፣ አይጨነቁ» አለና ስቆ ወደ መኪናው ሮጠ፤ «ኦሎምፒያ፣ ቦሌ፣ ኦሎምፒያ» እያለ። ወረቀቱን ጣለው። ጎማ ሄደበት።

አንብቦ ነው? ወይስ የተጨነቀች ሴት ለማባበል ያለው ነው? ተነሥቼ ወረቀቱን አላነሣሁም። ቢነሣስ ምን ላደርገው? ተቀምጬ የሚቀጥለውን ገጽ ጠቀለልኩ። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። አቶ ታምሩ ጅማ ሞቱ ሲባል ሰማን፤ ግቢው ተሰብስቦ አለቀሰላቸው፣ እኔም አለቀስኩ፤ ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ለእኔም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ካርቶኑን ስንወጣ ጣልኩት፤ ባዶ ሽፋን ብቻ ነበር ያለበት። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ቆማለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ አወቁኝ?»

አባቷን ነበር ያየሁት፤ ቁርጥ የአባቷ ግንባር። ሰናይት። በድሮው እድር ሰዎች አጠያይቃ ነው ያገኘችኝ። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን፣ ሻይ አፈላሁ። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስለ ካርቶኑ ጠየቀችኝ።

«ጣሪያው አፈሰሰ፣ ልጄ» አልኩ። «ክረምት ነው የጨረሰው። ምን ላድርግ፣ ቤቱን ታውቂዋለሽ።»

አፌ እንዴት እንደቀለለው። ስንት ዓመት ሲዘጋጅ ኖሮ ነው።

«ይሁን፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች። ይህችን ቃል ስትል ሻይ ደገምኩላት።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። አባቷ አክስቷ ዘንድ ከላኳት ወዲህ መጥተው አላዩዋትም፤ ገንዘብ ይልካሉ እንጂ አይመጡም። «ጣለኝ ብዬ ነው ያደግኩት» አለች። «ሲሞትም ሄጄ አልቀበርኩትም። መቃብሩን አላውቀውም፣ ላውቀውም አልፈለግኩም። አሁን ይህች ልጅ ማታ ማታ ተረት አንብቢልኝ ስትለኝ የሱ ድምፅ ይመጣብኛል። ቃሉ ግን አይመጣም። እትዬ፣ እውነት ያነብልኝ ነበር? ወይስ እኔ ነኝ በልቤ የፈጠርኩት? ከእሱ ጋር ጥሩ ነገር የምለው ያ ብቻ ነው። ያም ከሌለ እንግዲህ አባት አልነበረኝም ማለት ነው።»

«ያነቡልሽ ነበር እንጂ» አልኩ። «እኔ ምስክር ነኝ። የጥጃውን ስንት ጊዜ።»

«የጥጃውን» አለች። ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ። «ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ ያልተማረ ሰው በጆሮው ነው የሚያስቀምጠው፣ ሌላ ማስቀመጫ የለውም። ገበያውን፣ ኮቴውን፣ ዝናቡን፣ ቁራውን፣ በቅሎዋን። የአቶ ታምሩን ድምፅ ሳይቀር አወጣሁት፣ ቁራው ላይ ድምፃቸው በአፍንጫቸው ይወጣ ነበር። ሰናይት ዓይኗን ጨፍናለች። ስልኳን አውጥታ እየቀረጸችኝ ነው። ወንዙ ደረስኩ። ወንዙ ላይ ቆምኩ።

ትንሿ ልጅ «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያማ የለም ማለት ነበረብኝ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ እተኛ ነበር ማለት ነበረብኝ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እና አፌ ቀጠለ። ጥጃው ወንዙን ተሻገረ፣ መሸበት፣ «እምቧ» ብሎ አለቀሰ፤ እናቱ በሰው በረት ውስጥ ታስራ ሰማችው፤ ገመዷን በጠሰች፣ አጥሩን በቀንዷ ደረመሰች፣ ወጥታ ላሰችው። ይህን አልኩ። ከየት አመጣሁት? የወያላው «አግኝቷታል» ነው? የራሴ ልብ ነው?

ሰናይት ዓይኗን ስትገልጥ እንባዋ ይወርዳል። «አዎ፣ አጥሩን ሰበረችው። አባቴ እዚያ ጋ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፣ ጓ አድርጎ። አሁን ትዝ አለኝ» አለች።

ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። እስቲ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ትዝ ብሏት ነው ወይስ ትዝ እንዲላት ፈልጋ ነው? ወይስ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ያ ጓታ በግድግዳው ገብቶ ሕልሜ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ነው ያን ቀን የወጣው? ስንት ቀን ጋደም ብዬ ጆሮዬን በልቤ ወደ ድሮው ግድግዳ አስጠጋሁ። ምንም አልሰማም። ከወንዙ ወዲያ ጭው ያለ ነው።

እዚያ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰናይት ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ለገሃር አካባቢ መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉ ልጆች ያንኑ መጽሐፍ አግኝታዋለች። ቀዩ ጥጃ፣ ወደ ኋላው ዞሮ የሚያየው። መጨረሻው አለበት፣ ሙሉ ነው።

«እትዬ፣ የልጅ ልጄ ፊደል አስለየችኝ ብለውኝ ነበር አይደል? ይቺን ገጽ ያንብቧት» አለችኝ።

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። ያንን ገጽ የቀደድኩበትን እጅ አሁን ላነብበት ዘረጋሁት። ቀስ እያልኩ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ። ጥጃው ወንዙን ይሻገራል። እናቱን አያገኛትም። የትም የለችም። ልጅ የሌላት አንዲት አሮጊት ላም ታገኘዋለች፣ ታጠባዋለች፣ እሷ ዘንድ ያድጋል። እንዲህ ነው የሚያልቀው። በረት የለም፣ ገመድ የለም፣ የተሰበረ አጥር የለም።

ተያዝኩ አልኩ። አሁን ትጠይቀኛለች፤ እኔም እናገራለሁ፣ እገላገላለሁ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ታለቅስ ነበር።

«አባቴ ነው የቀየረው» አለች። «ገባዎት? እናቴ የሞተች ሰሞን ነው እኮ ያነብልኝ የነበረው። መጽሐፉ አላገኛትም ይላል። እሱ ያንን ሊያነብልኝ አልቻለም። ለእኔ ብሎ አጥር አሰበረ። እኔ ይህን ሰው ነው ሳልቀብረው የቀረሁት።»

እዚያ ላይ ሞከርኩ። እግዜር ያያል፣ ሞከርኩ። «ሰናይትዬ፣ ምናልባት… ማለቴ፣ ምናልባት ያንን መጨረሻ እኔ ከራሴ አምጥቼው እንዳይሆን» አልኳት።

ሳቀች። ጉንጬን ሳመችኝና «እትዬ፣ ያኔ እኮ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከአባቴ አፍ ካልሰሙት ከየት ያመጡታል?» አለች።

ማንበብ አለመቻሌ ነጻ አወጣኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበት ነገር መጥቶ ምስክር ሆነልኝ። እና እኔ፣ ዘነቡ፣ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ወረቀት በቀደድኩ ጊዜ እጄ ነው ያጠፋው፤ በዚህ ጊዜ ግን ነፍሴ ናት።

አሁን ልጇን «አያትሽ የሠራው መጨረሻ» እያለች ነው የምታስተኛት። የጅማውን መቃብር አጠያይቃ አግኝታለች። ሐውልት አሠርታለች። ቅዳሜ እንሄዳለን፣ «አብረውኝ ይሂዱ፣ ድምፁን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም» ብላኛለች። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ።

ምን ልበላት? ብነግራት አባቷን ሁለተኛ እቀብርባታለሁ። ባልነግራት የሰው አባት አፍ ውስጥ የራሴን ወሬ አስቀምጬ መሞቴ ነው። እውነት እሳቸው ቀይረውት ከሆነስ? ያን ጊዜ በመናዘዜ የምቀማት እውነተኛውን ነው። እያገላበጥኩ አድራለሁ፤ መጨረሻ የለውም። የትኛው ደግነት፣ የትኛው ፍርሃት እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ምናልባት እኔ ፍርሃቴን ነው ደግነት የምለው።

ስለ መጨረሻው የማውቀው የለም። መጻሕፍቱን ግን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ግራ አያጋባም። ጎርፍ አልቀደደውም፣ ጣሪያ አልቀደደውም፣ ችግር አልቀደደውም። ቅዳሜ መኪናው ጅማ ሳይደርስ ይህችኛዋን፣ መቅደዴን፣ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ እጄን ይዛ ወደ መቃብሩ ብትወስደኝም፣ መንገድ ላይ ብታወርደኝም የሷ ፈንታ ነው። «ይቅር በይኝ» ብዬ አልጀምርም፤ ያ ቃል ቶሎ ከተባለ ሰውን ያስገድዳል። መጀመሪያ ያደረግኩትን ትስማው።